አቀበት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የምክር ቤቱ ጥበቃ በሩ ላይ አስቆመኝ። «እናቴ፣ የጽዳት ሠራተኞች መግቢያ በዚያ በኩል ነው» አለኝ። ከአዲሱ ገበያ በሁለት ታክሲ ስለመጣሁ ጫማዬ አቧራ ለብሷል፤ በእጄ በያዝኩት ፌስታል ውስጥ ምሳ ዕቃ አለ። አልፈረድኩበትም። «የሕዝብ ተወካይ ነኝ» ስለው ፌስታሉን አየና «ከየት?» አለ። «ከጉለሌ፣ ከቀጨኔ።» መታወቂያዬን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አሳለፈኝ። ምሳ ዕቃውን ግን ከፍቶ ፈተሸው።

ይህን የምጽፈው አዲስ ለሚገቡ ተወካዮች ነው፤ ሥራውን ቀድሞ የሚያስረዳችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። እኔ የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ከመመረጤ በፊት የሕፃናት መዋያ ሞግዚት ነበርኩ። ሕፃናቱን ጠዋት ሲገቡ እቆጥራለሁ፤ ከምሳ በፊት እቆጥራለሁ፤ ስሸኛቸው እቆጥራለሁ። ያልተቆጠረ ሕፃን የጠፋ ሕፃን ነው። ይህን ልማድ ይዤ ነው ምክር ቤት የገባሁት፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ረቂቅ አዋጅ ይመጣል፣ ይነበባል፣ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ባለሙያ ጠርቶ፣ ሕዝብ አወያይቶ፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ክርክሩ ሲያበቃ አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» ይላል፤ «የምትቃወሙ» ይላል፤ ከዚያ ሦስተኛ ነገር ይላል። እጅ ይወጣል፤ ቆጣሪዎች ወረቀት ይዘው በየረድፉ ያልፋሉ። እጅ ማንሣት ለእኔ አይከብደኝም። ጴንጤ ነኝ፤ እሑድ እሑድ መዝሙሩ እስኪያልቅ እጄ አይወርድም። የከበደኝ ያ ሦስተኛው ነገር ነው።

ከመድኃኔ ዓለም ወደ ላይ ያለው ሰፈራችን መኪና አይወጣውም። አምቡላንስ ከሥር ይቆማል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትወርዳለች። በአንድ ክረምት ተሸካሚዎቹን አዳልጧቸው አንዲት ጎረቤታችን ከነቃሬዛው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተንሸራታለች። ስመረጥ የሰፈሩ ሴቶች ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሌላው ይቅር ታደለች፣ አቀበታችንን አትርሺ።» እንዴት እረሳዋለሁ? ልጄ ምሕረት ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ በዚያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሌሊት በተገላበጠች ቁጥር እኔ እነቃለሁ።

የመጀመሪያው ድምፅ የሰጠሁበት አዋጅ ስለ ሚዛንና መለኪያ ነበር። ወንበሬ ከኋላ ነው፤ ከራሴ በላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ይንሿሿል። «የምትደግፉ» ሲባል እጄን አወጣሁ። ትክክለኛ ሚዛን ማን ይጠላል? «የምትቃወሙ» ሲባል ዝም አልኩ። ቀጥሎ አፈ ጉባኤው «አቀበት ያላችሁ» አለ።

እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው። ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ስለ አቀበት ይጠየቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዞር ብዬ ሳይ እጅ ያወጣ የለም። የሌላው ሰው አገር ሜዳ ይሆናል አልኩና እጄን ቀጥ አድርጌ አነሣሁ። ቆጣሪዋ እስክታየኝ ድረስ አላወረድኩም።

ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ መንሾካሾክ ጀመረ። ድምፁ ከሰው በአንድ በልጧል። አፈ ጉባኤው እንደገና ሰው እንዲቆጠር አዘዘ። ተቆጠርን። ሰው ያው ነው፤ ድምፁ ግን በአንድ ይበልጣል። እንግዶች የሚቀመጡበት ቦታ ተፈተሸ። ሻይ የምታመላልሰዋን ልጅ «እጅሽን አውጥተሻል?» አሏት። «ትሪ ይዤ በምን እጄ?» አለች።

ቁጥር ሳይገጥም መቀመጥ አላስቻለኝም፤ ተነሣሁ። «እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አውጥቻለሁ» አልኩ።

«የተከበሩ ወይዘሮ ታደለች፣ ድጋፍ ነው ወይስ ተአቅቦ?»

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም አይሆንም። አንዱን ይምረጡ።»

ሚዛኑን ብመርጥ አቀበቱ ይቀራል። የምሕረት ሆድ ፊቴ ላይ መጣብኝ። «አቀበቱን» አልኩ።

«ተአቅቦ። ተመዝግቧል» አለ አፈ ጉባኤው። አዋጁ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

በዚያው ቀን ሰፈር ደርሼ አቀበታችን በአገር ደረጃ እንደተመዘገበ ተናገርኩ። እድሩ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ጭብጨባው አስፓልት ድረስ ተሰማ። ምሕረት ብቻ «እማዬ፣ ለሚዛን አዋጅ አቀበት ምን ያደርግለታል?» አለች። ልጅቷ ነገር ታበዛለች ብዬ አለፍኳት።

በማግስቱ አጠገቤ የሚቀመጡትን አቶ መኩሪያን፣ አፈ ጉባኤው ያስመዘገበልኝ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ጎጃም የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ግእዝ ያውቃሉ።

«ተአቅቦ ከ‹ዐቀበ› የመጣ ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው» አሉኝ። «ድምፅሽን ጠበቅሽ።»

«ከማን ነው የጠበቅኩት?»

«ከእኛ ነዋ። አልደግፍም፣ አልቃወምም ብለሽ ለራስሽ አስቀረሽው። ትናንት መዝናኛ ክበብ ሁሉም ስላንቺ ነው ሲያወራ የዋለው። ሴትዮዋ በሚዛኑ ላይ የተደበቀ ነገር አይታለች እየተባለ ነው።»

የሰፈሩን ጭብጨባ አሰብኩ። ቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋን ልጅ ለመንኳት።

«ድምፅ አይታረምም፣ ማዘር» አለች። «ግን የተአቅቦ ምክንያት የሚሞላበት ቅጽ አለ። እስካሁን የሞላው ሰው የለም።» ከመሳቢያ ስታወጣው አቧራውን በክንዷ ጠረገችው።

ውሸት መጻፍ ፈራሁ። ስለዚህ «ምክንያት» በሚለው ቦታ እንዲህ ጻፍኩ፤ «የቀጨኔ አቀበት። አምቡላንስ አይወጣውም። ልጄ ልትወልድ ነው።» ልጅቷ አነበበችውና ቀና አለች። «ይሄ ከሚዛን ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም።»

«በቃ፣ እሺ» ብላ ማኅተም መታችበት።

ማኅተም የተመታበት ወረቀት የትም እንደማይቀር ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ምክንያት በጽሑፍ ከቀረበ ቋሚ ኮሚቴው በቦታው ተገኝቶ ያጣራል የሚል ደንብ ኖሯል። ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የሚዛኑ ኮሚቴ ቀጨኔ መጣ። ሰብሳቢው አቶ ግርማ፣ ሁለት አባላትና አንድ የመለኪያ ባለሙያ ናቸው። መኪናቸው ከሥር ቆመ። ባለሙያው የሚዛን መፈተሻ ብረቶች የታጨቁበትን ሣጥን ተሸክሞ ሊወጣ ግድ ሆነ። አቶ ግርማ ክራቫታቸውን አላልተው መሐል መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«የተከበሩ ወይዘሮ ታደለች፣ ችግር ያለበት ሚዛን የቱ ነው?» አሉኝ እያለከለኩ።

«ሚዛን የለም። የተቀመጡበት ነው ችግሩ።»

ያለ ሥራ መመለስ ስለማይቻል አንድ ሽንኩርት ቸርቻሪ ዘንድ ገብተው ሚዛኑን ፈተሹ። ልክ ነበር። ሰውየው ግን መቀጫ የመጣበት መስሎት ሱቁን ዘግቶ ጠፋ።

ቤቴ አስገብቼ ውኃ እያጠጣኋቸው ሳለ ምሕረት በጓሮ በር ብቅ አለች። ግድግዳውን ይዛለች። «እማዬ… እ… ጀመረኝ መሰለኝ።»

ለአምቡላንስ ብንደውልም የሚቆመው ከሥር ነው። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በአካባቢው ያሉት ወንዶች የሚዛን ኮሚቴው አባላት ብቻ ናቸው። የእድሩን ቃሬዛ አስመጣሁ። አቶ ግርማ ቃሬዛውን አዩ፤ ምሕረትን አዩ፤ ኮታቸውን አወለቁ።

አራቱ አራቱን እጀታ ያዙ። እኔ ከጎን እየሄድኩ «ከፊት ያላችሁ ከፍ፣ ከኋላ ያላችሁ ዝቅ» እያልኩ እመራለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እያንዳንዷን ድንጋይ በዓይኔ ለቀምኩ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ አቶ ግርማ «በቅጹ ላይ አቀበት ብለው ነው የሞሉት» አሉኝ፤ ላባቸው ይንጠባጠባል። «ይህ ግን ቁልቁለት ነው።»

«ሲወጡት ነው አቀበት» አልኳቸው።

«ከወለድኩ በኋላ ተከራከሩበት» አለች ምሕረት ከቃሬዛው ላይ። ባለሙያው ሳቀና እግሩ ተንሸራተተ፤ የእሱ ጥግ ዝቅ አለ። እጀታውን በደረቴ ደገፍኩት።

አምቡላንስ ሳንጠብቅ በኮሚቴው መኪና ሆስፒታል ወሰድናት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደኅና ሆኑ። ነርሷ ሕፃኗን ስትመዝን አቶ ግርማ አንገታቸውን አስግገው «ይህ ሚዛን የተፈተሸው መቼ ነው?» አሉ።

«የሕፃኗ አባት እርስዎ ነዎት?» አለች ነርሷ።

«አይ፣ ኮሚቴ ነኝ።»

በሪፖርታቸው ላይ ስለ ቀጨኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰፈረ፤ «በታየው አንድ ሚዛን ላይ ችግር አልተገኘም። አቀበቱ ግን አለ።» ሪፖርቱ ይህን ይዞ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞር ከርሞ፣ በሚቀጥለው በጋ በአቀበቱ ዳር የብረት መደገፊያ ተተከለ። ደረጃው እስካሁን አልተሠራም። አቶ መኩሪያ ይህን ሲሰሙ «ድጋፍሽን ነፍገሽ መደገፊያ አገኘሽ» አሉኝ። የሰፈሩ ሰው የልጅ ልጄን ሚዛን ይላታል። እናቷ ሌላ ስም አውጥታላት ነበር፤ የሚያስታውሰው የለም።

በመዋያው ሳለሁ ስለ ሁሉም ሕፃን እጨነቅ ነበር፤ በምክር ቤቱም ስለ ሁሉም አዋጅ ተጨንቄያለሁ። ያነበብኩት አለ፤ ሰው አንብቦ ያስረዳኝ አለ፤ ሳይገባኝ እጄን ያወጣሁበትም አለ። ዘመኔ ሲያበቃ የድምፅ መዝገቤን በአንድ ገጽ አትመው ሰጡኝ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ድጋፍ ነው። ተቃውሞ በሚለው ቦታ ሰረዝ ተሰምሯል። ተአቅቦ አንድ ነው። ከዚያ ሁሉ ድጋፍ የእኔ ድምፅ ምን እንደለወጠ በጣቴ ላሳያችሁ አልችልም። የአንዱን ተአቅቦ ግን በየቀኑ አቀበቱን ስወጣ በእጄ እይዘዋለሁ።

ይህን ሰምታችሁ ስሕተት ይጠቅማል እንዳትሉ። ባለሙያው ቢወድቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ያልሰማችሁት ቃል ካለ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ። እጃችሁንም ለአንድ ጉዳይ አንድ ጊዜ ብቻ አውጡ።