የሰፌዷ ተወዳዳሪ

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። በእድሜ በጣም ስለምትበልጠኝ ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። የተወለድነው ከሰቆጣ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ እሷ አግብታ፣ ወንድና ሴት ልጅ ወልዳ፣ ከእናታችን ቤት አጠገብ ጎጆ ቀልሳ ትኖር ነበር። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች። መንግሥት ተለውጦ ቀበሌው የሴቶች ተጠሪ ሲያስፈልገው ማንበብ የምትችል ሴት ተፈለገችና እሷ ተገኘች። ፖለቲካ ውስጥ የገባችው እንዲህ ነው፤ ሌላ ስለጠፋ።

ገብታ ግን ጎበዝ ሆነች። ስብሰባ ላይ አማርኛው ሲከብዳቸው አንገታቸውን የሚደፉትን ሴቶች በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ታስረዳቸዋለች፤ እነሱ የተናገሩትን ደግሞ ሳትቀንስ ለሹማምንቱ በአማርኛ ትመልሳለች። ጥቂት ቆይታ የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆነች። ባሏም ያኔ ይኮራባት ነበር። ገበያ ላይ "የምክር ቤቷ ባል" ሲሉት ጥርሱ አይከደንም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የምርጫ ቀን ነው። ጣቢያው የእኔው ትምህርት ቤት ነበር፤ እናቴን ተከትዬ ሄጄ አጥሩ ጥግ ቆሜያለሁ። እታለም ሰልፉን ታስተባብራለች። አንድ ጎልማሳ ድምፁን ሰጥቶ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሚስቱን አስከትሎ ወደ መጋረጃው ሊገባ ሲል እህቴ ከፊቱ ቆመች።

"እርስዎ ጨርሰዋል። እሷ ብቻዋን ትግባ" አለችው።

"ምልክቱን አታውቀውም። ላሳያት ነው።"

"ካላወቀችው የሁሉንም ምልክት እዚሁ ውጪ እናሳያታለን። የምትመርጠውን ግን ለብቻዋ ትምረጥ።"

ሰውየው ዞረና በያዘው ዱላ ሚስቱን ትከሻዋ ላይ መታት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታት፤ ቀስ ብሎ፣ በሬ ሲነዱ እንደሚመቱት። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ወረቀቱን ስትቀበል ቀለም የተነከረ አውራ ጣቷን ነጠላዋን እንዳይነካባት ወደ ላይ እንደያዘች ሳትመርጥ ከግቢው ወጣች። ጥበቃው ሳቀ። ቀጥሎ የእናቴ ተራ ነበር፤ ገብታ መርጣ ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ምንጭ ዳር፣ ወፍጮ ቤት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ በሚያርፉበት ዋርካ ሥር፣ ባገኘቻቸው ቦታ ሁሉ ስለ መጋረጃው ትነግራቸዋለች። "እዚያ ውስጥ ከአንቺና ከፈጣሪሽ በቀር ማንም የለም። ባልሽ የለም፤ ሊቀመንበሩ የለም፤ እኔም የለሁ" ትላለች። ሴቶቹ ይሰሙና ዞር ብለው ይሳሳቃሉ። ባሎቻቸው ግን አልሳቁም። "ባለመጋረጃዋ" የሚል ስም ወጣላት፤ በኛ አገር አነጋገር ከባሏ የምትደብቀው ያላት ሴት ማለት ነው፤ ደግ ስም አልነበረም።

እኔ ሰቆጣ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ ስማር እሷን ለግምገማ ጠሯት። ግምገማ ማለት ሰው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ጥፋቱ የሚዘረዘርበት ስብሰባ ነው። ሲያበቃ እኔ ዘንድ መጥታ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችኝ። ሥልጣን ለራሷ ፈልጋ ነው ብለዋታል። ትዳር ታፈርሳለች ብለዋታል። ስሟን መጻፍ ያስተማረቻት ጎረቤታችን ተነስታ፣ "እኔንም ከባሌ እንድደብቅ መክራኛለች" ብላ መስክራለች። በመጨረሻ ባሏን ከመንደር አስመጥተው አቆሙት።

"ምን አለ?" አልኳት።

"እንጀራ አትጋግርልኝም አለ። ልጆቼ በጎረቤት ነው የሚበሉት አለ።"

"እውነት ነው?"

"አንዳንድ ቀን እውነት ነው" አለች።

ከምክር ቤቱ ወጣች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ባሏ ሽማግሌ ልኮ ፈታት፤ ልጆቹንም አስቀረ። እሷ እኔ ክፍል ገባች። ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች ትሸጥ ነበር። በገበያ ቀን ልጆቿን ለማየት ማለዳ ወጥታ ከመንደራችን የሚመጣውን መንገድ ትጠብቃለች። ሴቷ አባቷ ካላያት ሮጣ ትስማታለች። ወንዱ አፈር አፈር እያየ ያልፋል። አንድ ቀን ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ዘረጋችለት። ተቀበላት፤ ጥቂት ራመድ ብሎም ለሚነዳት አህያ በተነው። እኔ አብሬያት ነበርኩ። "አህያዋም ተርባለች" አለችኝና ወደ ቤት ሄድን።

ተምሬ እዚያው ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። በሚቀጥለው ትልቅ ምርጫ እታለም በግሏ ልትወዳደር ተመዘገበች። ለምልክቷ ሰፌድ መረጠች፤ ሰፌድ የማታውቅ ሴት የለችም ብላ ነው። ቅስቀሳዋም በእግር ነበር፤ ከጎጥ ጎጥ እየዞረች ታስተምራለች። መጀመሪያ ላይ ሰው ይሰማት ነበር። ኋላ አንድ ወሬ ተነዛ፦ ሰፌድን የመረጠ መንደር የእርዳታ ስንዴ አያይም። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ያስተባበለው ሹም ግን አልነበረም። ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው በቁሙ የደረቀበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲያ ወሬውን መድገም አላስፈለገም።

አንድ ማለዳ በራችንን ስንከፍት የተቀደዱና የተረጋገጡ ሰፌዶች ተከምረው አገኘን። አንዱ የእናታችን ስፌት መሆኑን ሁለታችንም አወቅን፤ ቀይና ጥቁሩን አለላ የምታሰባጥረው እሷ ብቻ ናት። ከቤቷ ወስደውባት ይሆናል አልን።

በዚያው ሳምንት ከመንደር አንዲት ሴት መጣች። ያቺ ትከሻዋን የተመታችው ናት። አልቀመጥም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

"አልመርጥሽም። ልጆች አሉኝ። ሌላው እመርጥሻለሁ እያለ ሲያታልልሽ ሰምቼ ነው የመጣሁት" አለች።

"ብቻሽን ነው የምትገቢው?" አለቻት እህቴ።

"ብቻዬን ነው።"

"እንግዲያው ይበቃኛል።"

እውነቱን ለመናገር አልበቃትም። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ የፈተለችውን ልቃቂት ሁሉ አውጥታ ስትተረትር ዋለች።

እታለም የምርጫ ካርዷን ያወጣችው በመንደራችን ጣቢያ ነበር። ማለዳ ሄዳ መረጠች። በማግስቱ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ አብረን ሄድን። የሌሎቹ ቁጥር ረጅም ነው። በሰፌዱ ሥዕል ትይዩ አንድ ተጽፏል።

ቆማ አየችው። ጥበቃው ከኋላችን፣ "መቼም ራስሽን መምረጥሽ አይቀርም" አለ።

በሌሎች ጣቢያዎችም አልቀናትም፤ እዚያ ግን ኮሮጆ ተለወጠ፣ ድምፅ ተሰረቀ ማለት ትችል ነበር፣ ብላለችም። እዚህ ግን እናታችንም ድምፅ ሰጥታለች፤ የተቆጠረው አንድ ደግሞ የእህቴ የራሷ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወደ እናታችን ቤት የሚወስደውን ዳገት ወጣን። እናታችን ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችንና መልሳ አጎነበሰች።

እህቴ ልትጠይቅ አልፈለገችም፤ ለሴቶቹ ስትሰብክ የኖረችው ማንም እንዳይጠይቃችሁ እያለች ነው። የጀመረችው እናታችን ናት፤ በኽምጣና፣ ቀስ ብላ።

"ከአንቺና ከፈጣሪ በቀር ማንም የለም ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ገባሁ። ማንም አልነበረም። ብቻዬን ሆኜ ልጆችሽ ምን ይበላሉ ብዬ አሰብኩ።"

"ሰፌዱንስ?"

"ስጪ አሉኝ፤ ሰጠሁ።"

እታለም ነጠላዋን አጣፋች። "ደህና ዋይ" አለችና ወጣች። እናቴ ለእኔ ዳቦ ቆረሰችልኝ፤ እኔም በላሁ፤ ርቦኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እህቴ እናታችንን አላየቻትም። በዓል ሲመጣ እኔ ብቻ እሄዳለሁ። እናቴ፣ "ደህና ናት?" ትለኛለች፤ "ደህና ናት" እላለሁ፤ እታለም ግን ስመለስ አትጠይቀኝም። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ካለፉ በኋላ እናታችን ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አለና በቃሬዛ ወደ ሰቆጣ አመጧት። ማን ያስታምማት የሚል ጥያቄ አልተነሳም። እታለም አልጋዋን ለቀቀችላት።

እንደ እሷ የሚያስታምም ሰው አላየሁም፤ እንደ እሷ የሚጨክንም አላየሁም። ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሳታለች፤ ቃል ግን አትተነፍስላትም። የምትፈልገውን በእኔ በኩል ነው የምታስጠይቃት። "ውሃ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት" ትለኛለች፤ እናቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተኝታ እየሰማቻት።

አንድ ከሰዓት እናቴ በተያዘ አንደበቷ፣ "ይቅር በይኝ" አለቻት።

እታለም ትራሱን ታስተካክል ነበር። እጇን አላቆመችም። "ድምፅ ሚስጥር ነው" አለች፤ "ይቅርታ አይጠየቅበትም። ጥፋትሽ መንገርሽ ነው። ባትነግሪኝ ኖሮ ሰረቁኝ ብዬ እኖር ነበር።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ለማዞር ሞከረች፤ ጎኗ እምቢ አላት። እህቴ ደግፋ አዞረቻት። ከዚያ ወዲያ እናታችን ብዙ አልቆየችም።

ለቀብሩ የመንደራችን ሴቶች በሙሉ መጡ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተጉዘው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ እያለቀሱ ነው የደረሱት። ያቺ ግምገማ ላይ የመሰከረችውም ነበረች፤ ያቺ ትከሻዋን የተመታችውም። ከቀብር ተመልሰን ግቢው ሞልቶ ሲቀመጡ እታለም በሩ ላይ ቆማ ቃኘቻቸው።

"ለሞተ ሰው ስትመጡ አትፈሩም" አለች።

በእድሜ የገፉ አንዲት ሴትዮ ከጥግ፣ "ለቀብር የሚከለክል የለማ፣ ልጄ" አሏት።

እህቴ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሴትዮዋ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ፤ አላነሳችውም።

ሴት ልጇ መጥታ አብራን አደረች። ወንዱ ልጇ አልመጣም። አባቱ ከልክሎት ነው ብዬ ነበር። ኋላ መንደር ሄጄ ስጠይቅ አባቱ "ሂድ" ብሎት እንደነበር፣ "አልሄድም" ያለው ልጁ ራሱ እንደሆነ ነገሩኝ። ለእታለም ነገርኳት። እንዝርቷን እያሾረች ሰማችኝ።

"እሱ ነው የወሰነው?" አለች።

"እሱ ነው።"

ሌላ አልጠየቀችኝም።