የትርንጎ ተራ

ገመድ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ሲፋተግ ሲጥ ሲጥ የሚለውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ የልጅነቴ የአራዳ መናፈሻ ከነዥዋዥዌው ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ክረምት መናፈሻው በጭቃ ተውጦ ስለሚዘጋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ዥዋዥዌውን እያየሁ መስከረምን እጠብቅ ነበር። መስከረም ጠብቶ ጽጌረዳው ሲፈካ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ወታደሮች በመለከትና በከበሮ ማርሽ ይጫወታሉ፣ ሠዓሊ በግንቡ ላይ የሳላቸው አንበሶችም ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩናል።

በሩ አጠገብ አንዲት የቤተ እስራኤል ሴት ከሸክላ የሠራቻቸውን ወፎችና አንበሶች ዘርግታ ትሸጥ ነበር። ልጇ ትርንጎ እኩያዬ ነበረች። እኛ «ዓይናቸው ይበላል» እየተባልን ያለ ጥፋታቸው እንፈራቸው ነበር፤ እነሱም ከነካናቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም ነበር።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ትርንጎ መጥታ ለዥዋዥዌው ከእኔ ፊት ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ዘበኛው አያ ቢምረው ደግሞ ገመዱን ያዘ።

«ሂጂ ወደ እናትሽ» አላት።

«ምነው አያ ቢምረው፣ ተሰልፋለች እኮ!» አልኩት።

«ምላሳም! ይልቅ አንቺ ውጪና ተጫወቺ።»

«የሷን ተራ አልወስድም። እሷ ካልወጣች ማንም አይወጣም» ብዬ ዥዋዥዌው ፊት ሣሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

«ዳኛዋ ተሠየመች!» እያሉ ልጆቹ ተሳለቁብኝ። እናቴ ስትመጣ፣ ትጎትተኛለች ብዬ ሣሩን ጨበጥኩ።

«ቀድማለች?» አለችኝ።

«ቀድማለች።»

«እንግዲያ ገመዱን ይልቀቁላት፣ አያ ቢምረው።»

የትርንጎ እናት ከበሩ ሆና፣ «እንዳይነኩሽ ብቻ!» ብላ ጮኸች። ትርንጎ ወጣች፤ እኔም ቀሚሷን እንኳ ሳልነካ፣ ጣውላውን ብቻ በጣቶቼ ጫፍ እየገፋሁ ከጽጌረዳው በላይ አወጣኋት።

ከእሷ በኋላ ልጁን ያስወጣ ሌላ ወላጅ አልነበረም። እናቴ ግን አማትባ «ውጪ» አለችኝ። በዚያ ቀን እስኪመሽ ድረስ ዥዋዥዌው የእኔና የትርንጎ ብቻ ሆነ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ የትርንጎ ቤተሰቦች እስራኤል ገቡ ሲባል ሰማሁ። ዛሬ የልጅ ልጆቼን ይዤ ወደ መናፈሻው ስሄድ ገመዱ ሰንሰለት ሆኗል፣ ልጆቹም «የማን ልጅ ነሽ?» ሳይባባሉ ይጫወታሉ፤ ሸጋ ነው። ተራ የሚነጥቅ ካየሁ ግን አሁንም ዥዋዥዌው ፊት ሣሩ ላይ እቀመጣለሁ። መነሣቱ ነው የከበደኝ።