ማዕተቤን የፈታሁበት ማለዳ

በዚያ ማለዳ ከአማኑኤል በላይ ካለው ኮረብታ ላይ የነበርነው እኒህ ነን፦ አለቃችን ግራዝማች ይግዛው፣ ባለቤቴ አያሌው፣ ነፍስ አባታችን ቄስ ምሕረቴ፣ ወንድማማቾቹ ዓለሙና ስሜነህ፣ ከእኔ ጋር ስንቅ የምታነሣው እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔ፣ እንዲሁም ልጄ እናኑ። እናኑ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና የምትነሣበት ዕለት ነበር።

ጣሊያን ቤተ ክርስቲያናችንን ስላቃጠለው ታቦቱ የነበረው በኮረብታው ዋሻ ነው። ጥምቀቱም እዚያው ሆነ። አያሌው ምንሽሩን እንደታቀፈ፣ «አባ፣ ያሳጥሩት እንጂ፤ መትረየስ ቅዳሴ እስኪያልቅ አይጠብቅም» አላቸው።

«አንተስ መች ጠብቀህ ታውቃለህ?» አሉት ቄሱ። ሁላችንም ሳቅን።

ለማዕተብ የሚሆን ክር አልነበረም። ማምጣት የክርስትና እናቷ የእትዬ ጥሩወርቅ ድርሻ ቢሆንም፣ ገበያ መውጣት ከቀረን ቆይቷል። የራሴን ማዕተብ ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁ። ቄሱ ባርከው አሰሩላት፤ ስሟንም ወለተ ሥላሴ አሏት።

ረፋድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ባንዳው ከፊት፣ ጣሊያኑ ከኋላ ሆኖ መጣብን። ግራዝማች «ሕፃኗን አውጡ!» አሉ። ጥይት የሚያቀብል ከእኔ ሌላ ስላልነበረ እኔ ቀረሁ። እትዬ ጥሩወርቅ አዘለቻት።

«መርጡለ ማርያም እኅቴ ቤት ታገኚናለሽ» አለችኝ።

«አደራ እትዬ፣ አንገቷን ደግፊያት» አልኳት።

ቀትር ላይ አያሌው ወደቀ። ምንሽሩን አነሣሁ። ተኮስሁ፤ ልምታ ልሳት አላውቅም። ሲመሽ ጥይታችን አለቀ። የተረፍነው ተበታተንን።

ብቻዬን በቆላው ስንከራተት ከሌላ የአርበኞች ጦር ደረስሁ። ዘበኛው አንገቴን አየና፣ «ማዕተብሽስ? ለጣሊያን ብለሽ በጠስሽው?» አለኝ።

«ለልጄ አስሬላት ነው።»

«የተያዘ ሁሉ አንድ ምክንያት አያጣም» አለ።

እህል አልከለከሉኝም። ግን የእኔን በቅጠል ለይተው ከዛፍ ሥር አኖሩልኝ፤ ከገበታቸው ያቀረበኝ የለም። ለአገሬ ባሌን ገብሬ እያለሁ፣ ወገኔ ከሃዲ አለኝ። ያ ቅጠል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዳዊት መድገም አልችልም፤ የተማርኩት ፊደል ብቻ ነው። የማውቀው አባታችን ሆይን ነበር። ድሮ በአፌ እለው ነበር። በዚያ ቆላ ግን ደጅ እንደሚያንኳኳ ሰው ሆኜ «አባታችን» ብዬ ጠራሁ። ድምፅ አልሰማሁም፤ ልጄም አልመጣችም። ነገር ግን አንገቴን ሳያይ የሚያውቀኝ እንዳለ ልቤ አመነ። ያ ባይሆን አእምሮዬን እስት ነበር።

ከዚያ ኮረብታ ግራዝማች፣ አያሌው፣ ቄስ ምሕረቴና ዓለሙ አልተመለሱም። አራት ናቸው። ነፍስ አባታቸውም አብረዋቸው ስለሞቱ ያለ ፍትሐት ተቀበሩ። ይህን የነገረኝ ቆስሎ የተረፈው ስሜነህ ነው።

አገር ነጻ ሲወጣ መርጡለ ማርያም ሄድሁ። የእትዬ ጥሩወርቅ እኅት «ማንም አልመጣም» አለችኝ። በመመለሻዬ ደብረ ማርቆስ ላይ ያኔ ባንዳ የነበረ ሰው ሹመት ይዞ በበቅሎ ሲያልፍ አየሁ። መንገድ ለቀቅሁለት። አልረገምሁትም፤ መመረቅም ግን አልቻልሁም።

ከአማኑኤል ወደ መርጡለ ማርያም በሚወስደው መንገድ ሕፃን ያዘለች ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ያሳደረ፣ ወይም በሰው ቤት ያደገች ወለተ ሥላሴን የሚያውቅ ካለ፣ በሕይወት ብትኖርም ባትኖርም ይንገረኝ።