ቆሞ የኖረው የጣሊያን ወይን

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ካቻምና ነው። እስካሁን ቀይ ወይን ባየሁ ቁጥር መንጋጋዬ ይኮማተራል፤ እኔ ብረሳው እንኳ ምላሴ አይረሳውም።

ዳንግላ መጠጥ አከፋፍላለሁ። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ፣ እንጅባራ የምትሠራ ዓለሚቱ የምትባል ነርስ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ ጋሽ ምናለ በእህል ንግድ የከበሩ፣ መክበራቸውንም ሳያወሩ የማያድሩ ሰው ናቸው። መምሬ ሞላንና ጎረቤቴን አለኸኝን ይዤ ለሽምግልና ሄድኩ።

ገና ስንገባ ዓይናችን ቡፌው ላይ አረፈ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የመስኮቱ ፀሐይ እየጠበሰው፣ አንድ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጅ ልንጠይቅ ሄደን የጠርሙስ ስብከት ሰማን።

«የጣሊያን ቀይ ወይን ነው» አሉ ጋሽ ምናለ። «ቤቴን ተከራይቶ የነበረው የመንገድ መሐንዲስ ሲሄድ የሰጠኝ። ፍሬው ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ እዚያው አገሩ የሚበቅል ዘር ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ገና ኮስታራ ነው፣ በቆየ ቁጥር ይለዝባል ብሎኛል።»

ከዚያ ሳቁ። «ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስተኝተህ አኑረው አለኝ። ክቡር ነገር ይጋደማል እንዴ? የሚጋደም ሰካራም ነው!»

እኛም ሳቅን። እኛ አገር ተጋድሞ የሚታይ ጠርሙስ ባዶ ነው።

ጉዳያችንን ስንነግራቸው ወደ ቡፌው ጠቆሙ። «ልጄን የምድረው ይህ ወይን ሲደርስ ነው። መልካም ነገር አይቸኮልበትም።»

ዓለሚቱ ሠላሳ ሊሞላት ነው። በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

ሰንብተን ዳግም ሄድን። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው፣ እንደ ሐኪም አገላብጠው፣ «ገና ነው» አሉን። መንገድ ላይ አለኸኝ በአዊኛ አጉረመረመ። ወደ አማርኛ ስመልሰው፦ «ለመሆኑ የምንዛመደው ከሰውየው ነው ከጠርሙሱ?»

ሦስተኛው ሙከራ የመጨረሻችን ነበር። ሽማግሌ ሦስቴ ከተመለሰ ነገሩ ሞተ ማለት ነው፤ ወንድሜም እህል መብላት ትቷል። ጋሽ ምናለ «ገና…» ብለው ሳይጨርሱ ዓለሚቱ መክፈቻ ይዛ ገባች።

«አባዬ፣ መድረሱ ሳይቀመስ በምን ይታወቃል?»

እሳቸው አፋቸውን እስኪከፍቱ እሷ ጠርሙሱን ከፈተችው። ቡሹ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

በእኛ ወግ የሚቀዳ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። ቀዳች፣ ተጎነጨች፣ ዋጠች። ፊቷ ቅንጣት አልተለወጠም።

«ደርሷል» አለች።

ለሁላችንም ቀዳችልን። መምሬ ባርከው ተጎነጩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ ስቀምሰው ግን ጸሎት እንዳልሆነ ገባኝ። ኮምጣጤ ነው፤ ያውም ጉሮሮ የሚልጥ። የተበላሸ መጠጥ በንግዴ ብዙ ቀምሻለሁ፤ እንዲህ በክብር የተቀዳልኝ ግን የለም። ቀና ስል ዓለሚቱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ጋሽ ምናለ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም» አልኩ። አልዋሸሁም።

«እኔም ብሆን» አሉ መምሬ። አለኸኝ ሳል ይዞት ራሱን በመነቅነቅ ብቻ አረጋገጠ።

የቀሩት ባለቤቱ ናቸው። ተጎነጩ፤ ፊታቸው ሎሚ እንደቀመሰ ሕፃን ተጨማደደ። ተበላሽቷል ቢሉ፣ ስንት ዓመት ለእንጅባራ ሰው ሁሉ ያወሩለት ወይን በገዛ እጃቸው ፀሐይ ላይ ያቆሙት ኮምጣጤ ሊሆን ነው። ደርሷል ቢሉ ልጅቷ ሄደች። ተራ በተራ አዩን። እኛ ብርጭቆ ብርጭቋችንን እናያለን።

«ደር…ሷል» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ መምሬ፤ ሰውየው ሳይውጡት የሰርጉን ቀን አስቆረጧቸው።

ዛሬ ደሳለኝና ዓለሚቱ ወልደዋል። ባዶው ጠርሙስ አሁንም ቡፌው ላይ ነው፤ አሁንም ቆሟል። ጋሽ ምናለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አፍ ላይ እንደ ሐር ነበር፤ እሱ ይመስክር!» እያሉ ወደ እኔ ይጠቁማሉ። እመሰክራለሁ፤ ዘመዴ ናቸው። አዝኜላቸው ግን አላውቅም፤ ልጁን በጠርሙስ ለሚለካ ሰው ያ ጉንጭ አነሰው እንጂ አልበዛበትም።

የተረፈውን ዓለሚቱ ምን እንዳደረገችው እስካሁን አያውቁም። በመልሱ ዕለት ሰላጣው ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ ሁሉ እንግዳ መሀል «ይቺን ሰላጣ እስቲ ጨምሩልኝ» ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።