የሞቀው ሞተር

ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ከቡራዩ የሚወጣ ታክሲ ጠፋ። ለዘገባ ሰበታ መድረስ ነበረብኝ። በውስጥ ለውስጥ መንገድ የምትወስደኝ ትንሽ አሮጌ ሞተር ሳይክል ልገዛ አንድ አዛውንት ግቢ ገባሁ።

ቀለሟ አዲስ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሞተሩን ነካሁ፤ ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚለውን ሞተር ሻጮች ገዢ ከመድረሱ በፊት ያሞቁታል። ትኩስ ነበር።

“ኦቦ፣ ዛሬ አስነስተዋታል?”

“ኧረ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ነው የከረመችው!”

ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሳቁ። “አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት እየገፋሁ ያስነሳሁልህ እኔ አይደለሁም?”

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታሁት፤ ጥላሸት ለብሷል። ጠርጌ መለስኩትና ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ማስነሻውን ስረግጥ ሳይገፋ ተነሳ። በዋጋ ተስማማን።

ከቀትር በኋላ ሰበታ ገባሁ።