መጀመሪያ አልጋው ይውጣ

የተሰደድንበት ከተማ ለነፃነት በሚጮህበት ዓመት፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ባለው የስደተኞች ትምህርት ቤታችን ስድስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቶ ሃፍላ፣ አውቶቡሱ፣ በሚጠፋበት ቀን እንኳ ልጆቹ በእግራቸው ይመጣሉ። አንዷ ግን መጥታም ዴስኳ ላይ ትተኛብኛለች። ለብቻዋ ጠርቼ ብጠይቃት ሌሊት እንደማትተኛ ነገረችኝ። በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው፤ እነሱ ጋ የተጠጋው የእናቷ ያጎት ልጅም እዚያው ያድራል። እጁ አያርፍም። ስለዚህ እሱ እንቅልፍ እስኪወስደው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

በዚያው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ለእናትየዋ ስነግራት፣ ምስኪን፣ የገደለው ባልሽ የሞተው ወንድምሽ ሆነባት። ፖሊስ ጋ ብንሄድ አስቀድሞ የሚጠየቀው የእኛው ወረቀት ነው፤ በዚያ ግርግር ደግሞ ማን ይሰማናል? ሽማግሌ ተጠራ። እኔም መምህሯ ነሽና ልጅቷን አግባቢልን ተባልኩ። ኤዲያ! እኔን ራሴን ማን አግባብቶኝ ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ አልዋሽም፣ ስንቱን የተጣላ አስታርቀዋል። ገበናችን ባዕድ ጆሮ አይግባ አሉ። ሰይጣን አሳስቶት ነው አሉ። ሰውየው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣና ልጅቷ እግር ሥር ተደፋ። ከውጭ የሰልፈኛ ሴቶች እልልታ ይሰማል፤ እዚህ ውስጥ ግን አንዲት ልጅ "ይቅር ብዬዋለሁ" እስክትል ሁላችንም እንጠብቃለን። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ሽማግሌዎቹ በይ እንጂ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞሩ።

"አባቶቼ፣ ይቅር ብትለው ዛሬ ማታ የት ነው የሚያድረው?" አልኩ።

አንደኛው፣ ከታረቁማ እዚሁ ነዋ፣ ኢንሻላህ አይደግመውም አሉ።

"ታዲያ እሷስ መቼ ትተኛለች?"

 እናትየዋ እስከዚያች ሰዓት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ብድግ አለች። ከጥጉ የሰውየውን አንገረብ፣ ያን የገመድ አልጋ፣ ይዛ ወደ በሩ ትጎትት ጀመር። ደፉ ላይ ሲከብዳት ልጅቷ ተነስታ ሌላውን ጫፍ ያዘችላት። ሽማግሌዎቹ እርቅ ሳያልቅ ነውር ነው እያሉ፣ ሁለቱ አልጋውን መንገድ ላይ አወጡት። ሰውየው የሚያደርገው ቢጠፋው ድንጋዩን አስቀምጦ አልጋውን ተከተለ። እኔ እንባዬ መጣ፤ በንዴት ይሁን በደስታ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ እናቶቹን ትምህርት ቤት መሰብሰብ ጀመርን። ሽምግልና ቢጠራም መጀመሪያ አልጋው ይውጣ ብለን ተማማልን። ቤት አፍራሽ ያሉኝ አሉ፤ ይበሉኝ። መንግሥቱ ወድቆ በሽግግሩ ጊዜ፣ ቡሪ ሰፈር ከሚኖሩ ከእኛው ሰዎች በአንዱ ቤት ተመሳሳይ ነገር ተሰማና፣ ያኔ "እዚሁ ነዋ" ያሉት ሽማግሌ ተጠሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ አልጋው ወጥቷል ወይ ብለው ጠየቁ። አልወጣም አሏቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እስኪወጣ ፀሐይ ላይ ቆሙ።