የተበየደው በር

ሰው ማማት አልወድም። ሱቄ ግን ከሁለቱ ወንድማማቾች ደጃፍ ትይዩ ስለሆነ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ካልሸጥኩ በስተቀር የማላየው ነገር የለም። ታላቅየው በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ብየዳ» የሚል ስም አወጡለት፣ ቀስ በቀስ አዋቂውም ለመደው፤ አሁን በእውነተኛ ስሙ ቢጠሩት ዞሮ የሚያይ አይመስለኝም። ታናሽየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ቤት መሃል ለመሃል ግድግዳ አለው። የቀኙ ወገን የበያጁ ነው። በግራው ወገን ፀጉር አስተካካዩ ከእናታቸው ጋር ይኖራል፣ የፊተኛዋን ክፍልም ፀጉር ቤት አድርጓታል።

ግድግዳው ላይ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ የብረት በር አለ። የሠራው ጋሽ ብየዳ ራሱ ነው፤ ገና ሙያውን ሲለማመድ ከእጁ የወጣ የመጀመሪያ በር። የጀማሪ ነገር ሆነና መዝጊያው ገጥሞ የሚያርፍበትን ከንፈር መቃኑ ላይ ማውጣት ረሳ። መዝጊያው የሚዞረው ከላይና ከታች በተተከሉ ሁለት ዘንጎች ላይ ስለነበር፣ ከወዲህ ሲገፉት ወዲያ፣ ከወዲያ ሲገፉት ወዲህ ይከፈት ጀመር። አፍሮ ሊነቅለው ሲል አባቱ «ተወው፣ የገፋ ሁሉ ይግባበት» ብለው ከለከሉት። እናትየው ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። ሁለት እጃቸው ሳህን ይዞ እንኳ በትከሻቸው ገፋ አድርገው ያልፉበት ነበር።

ነገር የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አባትየው ታመው ሆስፒታል ተኙ። በያጁ ያኔ ሌላ ከተማ የፋብሪካ በር ሊገጥም ሄዶ ነበር። ታናሹ አልደወለለትም። ጋሽ ብየዳ ሥራውን ጨርሶ፣ ለአባቱ ሹራብ ገዝቶ ሲመለስ አባቱ ተቀብረዋል። ታናሹ «አባዬ ነው ‹ሥራውን ይጨርስ፣ አታስደንግጠው› ያለኝ። እኔም ይድናል ብዬ ነበር፣ ጋሼ» አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ታላቁን «ጋሼ» ብሎ ነው የሚጠራው። እውነቱን ይሁን ሰበብ ይፈልግ፣ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ጋሽ ብየዳ «አባቴን ሳላየው ቀበርክብኝ» አለና ሌላ ቃል አልጨመረም። በማግስቱ ማሽኑን አውጥቶ የበሩን ዘንጎች ከላይም ከታችም ቆረጠ፤ መዝጊያውን ከመቃኑ ጋር ዙሪያውን በየደው። የወንድሙን ደፍ ላይረግጥም ማለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

የኩርፊያውን ዕዳ የከፈሉት ግን እናትየው ናቸው። በየማለዳው ከታናሹ ደጅ ይወጣሉ፣ በሱቄ ፊት ያልፋሉ፣ በታላቁ ደጅ ይገባሉ፤ ትንሽ ቆይተው በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። ውለው አድረው ከዘራ ያዙ። ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ማረፍ ስላስፈለጋቸው የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ አስቀምጣቸው ጀመር። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ምን ላድርግ፣ የወለድኳቸው ልጆች ሩቅ አገር ናቸው» ይሉኝ ነበር ጉልበታቸውን እያሹ። ዘንድሮ ጉልበታቸው ጨርሶ ከዳቸው። መውጣቱን ተዉት።

ጋሽ ብየዳ ያን ጊዜ ጨው መግዛት አበዛ። ይመጣል፣ ጨው ይላል፣ ጨውን እየተቀበለኝ ወደ ሌላ እያየ «እማዬ ዛሬም አልወጣችም?» ይላል። ያን ሁሉ ጨው ምን እንዳደረገው እንጃ። እወደዋለሁ፣ ግን ተናድጄበት ነበር። የእናቱን ጤና ከባለሱቅ የሚጠይቅ ልጅ ከእሱ በፊት አላየሁም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ሰውዬ፣ ገብተህ እያቸው» ስለው «ምያለሁ እኮ» አለኝ፤ መሐላውን ሌላ ሰው የጫነበት ይመስል።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ የምናነብ ጥቂት ጎረቤቶች አለን፤ ጋሽ ብየዳም አለበት። እኔ የምሄደው ለነፍሴም ለሱቄም ይበጃል ብዬ ነው። የሚመሩን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። «ሲስተር» እንላቸዋለን፤ መርፌውን ቢተዉትም አንደበታቸው አሁንም ይወጋል። በቅርቡ ሲስተር አዲስ ነገር አመጡ። የኢየሱስን ስሞችና ራሱን የጠራባቸውን ቃላት በየብጣሽ ወረቀቱ ጽፈው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጨመሩ። አንዱ ዕጣ ያወጣል፤ በሳምንቱ በገዛ ቤቱ ይቀበለንና የደረሰው ስም ለእሱ ምን እንደሆነ ይነግረናል። «ለእኔ በሉ፤ ከሰባኪ የሰማችሁትን አታምጡብኝ» ብለው አስጠነቀቁን። ‹የዓለም ብርሃን› የደረሰው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነበር። ገና አፉን ከመክፈቱ መብራት ጠፋ፤ ስቀን ስንጨርስ በእጅ ባትሪ ቀጠለ። «የሰውን ብርሃን ስለካ ነው የምውለው። ይኼኛው ብርሃን ግን ቆጣሪ የለውም» ያለው እስካሁን ከልቤ አልወጣም። እኔ ‹የማዕዘን ድንጋይ› ደረሰኝና፣ ሱቄ ማዕዘን ላይ ናትና ስለ ሱቄ ብዙ አወራሁ። ሲስተር አስቆሙኝ።

ተራው የጋሽ ብየዳ ሆነ። እጁን ጣሳው ውስጥ ከቶ አንዷን አወጣ፣ ዘረጋት፣ አነበባት፣ መልሶ አጠፋት። ‹በር› ትላለች።

«ሲስተር፣ ይቺን ይለውጡልኝ» አለ። «‹እረኛ› ይስጡኝ። ከብት ባላውቅም እማራለሁ።»

«በር ሠሪ ሆነህ በር የከበደህ ለምንድን ነው?» አሉት።

ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያ አየን። «ዕጣ አይለወጥም ልጄ» አሉ ሲስተር ጣሳውን እየከደኑ። ቀጣዩ ቅዳሜ ደግሞ እሱ ቤት ነው፤ በሩ ያለበት ክፍል ውስጥ።

ሳምንቱን ሙሉ ጨው አልገዛም። ዓርብ ዕለት መጥቶ መደርደሪያዬ ላይ ተደገፈ። «አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «‹በሩ እኔ ነኝ› ካለ በኋላ፣ በእሱ የገባ ይገባል፣ ይወጣልም ይላል። አንዴ ከገባ በኋላ ለምን ይወጣል? እኔ ዋናው ነገር መግባቱ ይመስለኝ ነበር።» እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሲስተርን ጠይቅ አልኩት። እሱ ሲሄድ ግን ስኳር ላደርስ ወደ እናትየው ገባሁና ነገ ልጃቸው ከግድግዳው ወዲያ ስለ በር ሊናገር መሆኑን ነገርኳቸው። ሰው ማማት አልወድም ብያለሁ፤ ይህ ሐሜት አይደለም። እናትየው «ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋልኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ሄድን። ክፍሉ ተጠርጓል፣ አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት መጥቷል። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ጋሽ ብየዳ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ ቆመ። ከግድግዳው ማዶ የታናሹ የፀጉር መቁረጫ ማሽን ይሰማል።

«እኔ በር እሠራለሁ» ብሎ ጀመረ። «ሰው ግድግዳ ይቀድማል ይላል፤ አይደለም። ጥሩ ግንበኛ መጀመሪያ የበሩን ቦታ ነው የሚለካው። ሌላው ደግሞ፣ ደንበኛ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስለ ቁልፉ ነው። ስንት ቁልፍ አለው፣ ሌባ ይሰብረዋል ወይ ይለኛል። በደንብ ይከፈታል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ኢየሱስ በሩ እኔ ነኝ ሲል ስለ ቁልፍ ምንም አላለም። ፈልጌ አጣሁት።»

ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም፣ ልንገራችሁ፣ ከእሱ ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

«ከዚያ ደግሞ ይገባል፣ ይወጣልም ይላል» አለ። ድምፁ ወረደ። «የሚገባበት ብቻ ከሆነ ወጥመድ ነው። የሚወጣበት ብቻ ከሆነ ደግሞ … ማባረር ነው። አባቴ አንድ ጊዜ …» የቀረውን ለራሱ ነው ያለው፣ እኛም አልሰማነው።

ከመጋረጃው ኋላ ብረቱ ተንኳኳ፤ ከዘራ ነው።

«ልጄ፣ ጮክ በል» አሉ እናትየው ከማዶ። «‹አባቴ› ካልክ በኋላ ያለው አልተሰማኝም።»

ጋሽ ብየዳ እንደቆመ ቀረ። የእናቱን ድምፅ ከሰማ ብዙ ጊዜው ነው።

«እማዬ፣ እዚያ ነሽ እንዴ?» አለ።

«የት ልሂድ ብለህ?»

መጋረጃውን ገለጠው። የብየዳው መስመር በመዝጊያው ዙሪያ ይሄዳል፤ እዚህ አብጦ፣ እዚያ ተሸርፎ፣ ያላወቀ ሰው የሠራው ይመስላል። በጣቱ ዳበሰው። «ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ ነቅዬ እንደገና እሠራዋለሁ እንጂ እንዲህ አላስረክበውም» አለና ወደ ጓሮ ወጣ። የብረት መቁረጫውን ይዞ ሲመለስ «ንግግሩስ?» አልኩ። ሲስተር «አፍህን ዝጋ» አሉኝ። ሶኬቱን ሰካ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ተንበረከከ። ከዚያ አቆመ።

ነገሩ ለእኔ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዘንጎቹን ራሱ ቆርጧቸዋል፤ መዝጊያውን አሁን የያዘው ብየዳው ብቻ ነው። የታናሹ ክፍል ወለል ደግሞ በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ብየዳው ሲለቅ ያ ሁሉ ብረት የሚወድቀው ወደዚያ ነው፤ እናትየው ወንበራቸውን ወዳስጠጉበት፣ ማለትም እኔ ወንበራቸውን ወዳስጠጋሁበት።

«እማዬ፣ ከዚያ ተነሺ» አለ።

«በየትኛው ጉልበቴ?»

የፀጉር ማሽኑ ድምፅ ጠፋ። ወንበር ሲጎተት ሰማን፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ማዶው ግድግዳ። ጋሽ ብየዳ መቁረጫውን አስነሳ። ፍንጣሪው ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፣ ቆጣሪ አንባቢው ምንጣፉን ጠቀለለ። አንዱን ጎን ጨረሰ፣ ከታች ጨረሰ፣ ሌላውን ጎን ጨረሰ። ከላይ ጫፍ ላይ የጣት ያህል ብየዳ ስትቀረው ማሽኑን አጠፋ። መዝጊያው ወዲያ ዘመም ብሏል።

ለብቻው የሚሆን አልነበረም። እኛ ከወዲህ ልንይዝለት አንችልም፤ የሚጨበጥ ነገር የለውም። በላብ የራሰ ግንባሩን ብረቱ ላይ አሳረፈ። የዚህን ሰው እልህ ስለማውቅ፣ ብየዳዋን እንዳለች ትቶ ይነሳል ብዬ ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ያኔ ነው ከልቤ የጸለይኩት።

«አለህ?» አለ።

«አለሁ» የሚል ከማዶ መጣ።

«መጨረሻዋን ልቆርጣት ነው። ወዳንተ ነው የሚወድቀው። ያዝልኝ።»

ሁለት መዳፎች ብረቱ ላይ ሲያርፉ ተሰማ።

«ከብዷል፣ በደንብ ያዝ» አለ ጋሽ ብየዳ።

«ይዤዋለሁ፣ ጋሼ። ቁረጠው።»

ጋሽ ብየዳ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። መልሶ አደረገውና ቆረጠው።